ቀዩ ነው የደፋው

መርማሪ ማንያህልሻል አርባ አንድ የሞቱ ዓሦች ቆጠረች። ስትጨርስ ከታች ወደ ላይ ተመልሳ እንደገና ቆጠረች። አርባ አንድ።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ወንዙ ኦሃዮ ውስጥ ያለው አለም ክሪክ ነው፤ ኢስትሙር በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ሐበሾች «የዓለም ወንዝ» ይሉታል። በዚያ ጠዋት የዓለም ወንዝ ከድልድዩ በታች ቀይ ሆኖ ይፈስ ነበር። ደም አይመስልም። ደም ውሃ ውስጥ ሲገባ እየሳሳ ይጠፋል፤ ይሄ ግን እንደተቀባ ነው።

«ቅዳሜ ጨዋታ አለ» አለ ድልድዩ ላይ የቆመው የፓትሮል ፖሊስ። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ማልያ ቀይ ነው፤ በጨዋታ ሳምንት ከተማው ሁሉ ቀይ ይለብሳል። «የደጋፊ ቀልድ ነው፣ ማኒ።»

«ደጋፊ ዓሣ አይገድልም» አለችውና ጓንቷን አጠለቀች።

ከተለያየ ቦታ አራት ጠርሙስ ውሃ ቀዳች፤ በእያንዳንዱ ላይ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፈች። ከዚያ ቀዩን ተከትላ ወደ ላይ ሄደች። ሁለት መቶ ሠላሳ እርምጃ ላይ የሲሚንቶ ቱቦ አገኘች። ቱቦው የሚመጣው ከመንገድ ነው፤ መንገዱ ላይ የዝናብ ውሃ የሚገባበት የብረት ፍርግርግ አለ። ፍርግርጉ ቀይ ነበር፤ ከሥሩ ባለው ጉድጓድም ብዙ ቀይ ውሃ ቆሞ ቀርቷል። የከተማው ሠራተኞች ቱቦውን በጆንያ አሸዋ ደፈኑት።

ከፍርግርጉ ሃያ ሁለት እርምጃ ርቆ አንድ በር አለ። በሩ ላይ በሁለት ፊደል፣ በግዕዝና በላቲን፣ «ሐምራዊት ማቅለሚያ» ተብሎ ተጽፏል።

አብሯት የመጣው የከተማው የውሃ ቢሮ ሰው በሩን በእጁ አመለከተ። «ፍለጋው እዚህ ያለቀ ይመስለኛል» አለ።

ማንያህልሻል መልስ ከመስጠቷ በፊት ጎንበስ ብላ አየች። ከበሩ እስከ ፍርግርጉ ያለው ሲሚንቶ ደረቅና ንጹሕ ነው። የተረጨው ቀይ ያለው በመንገዱ በኩል ነው። በጠርዙ ጭቃ ላይም የከባድ መኪና ጥንድ ጎማ ዱካ አለ። ፎቶ አነሳችና በማስታወሻዋ ላይ «ጥንድ ጎማ» ብላ ጻፈች።

«ገና ጀመረ እንጂ መች አለቀ» አለችው።

*

የማቅለሚያው ባለቤት ጋሼ ጀማነህ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አገር ቤት ሳሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የቀለም ክፍል ኃላፊ ነበሩ። በሱዳን በኩል ስደተኛ ሆነው መጡ፤ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ልብስ አጠቡ፤ ከዚያ ይህን ቤት ከፈቱ። የትምህርት ቤት ባንድ ዩኒፎርም፣ የመዘምራን ልብስና የመድረክ መጋረጃ ያቀልማሉ። ስምንት ሠራተኞች አሏቸው።

ማንያህልሻል መጀመሪያ ያየችው ጋዋናቸውን ነው። ነጭ ነው፤ አንድ ነጥብ እንኳ የለበትም።

«በነጭ ልብስ ቀለም ይሠራሉ፣ ጋሼ?»

«ጥቁር ብለብስ እድፍ ሲያርፍብኝ በምን አውቃለሁ?» አሏት። «ነይ ግቢ። ወንዙን አይቼዋለሁ። ከመጠየቅሽ በፊት ልንገርሽ፤ ከዚህ ቤት አንድ ጠብታ ቀለም አልወጣም።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። ተከሳሽ እንደዚህ አይናገርም፤ የሚናገር ከሆነም ብዙ የተለማመደ ነው ስትል አሰበች።

በጓሮ በኩል ስድስት ሰማያዊ በርሜሎች በተርታ ቆመዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ በመረብ ከረጢት የታሰረ የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ አለ።

«የኦሃዮ ገበሬ በቆሎውን ወስዶ ቆረቆንዳውን ማሳ ላይ ይተወዋል» አሉ ጋሼ ጀማነህ። «እኔ ለምኜ አመጣዋለሁ። ልጄ ትፈጨዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ታደርቀዋለች። ቀለም ያለው ውሃ በላዩ ሲያልፍ ቀለሙ ቆረቆንዳው ላይ ይቀራል፤ ውሃው ንጹሕ ሆኖ ይሄዳል። ገበሬው የጣለውና እኔ የምጥለው እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ከዚህ የተሻለ ጋብቻ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ዳድ፣ ሺ ኢዝ ፖሊስ» አለች አንዲት ወጣት ከበርሜሎቹ ጀርባ። ሐምራዊት ናት፤ ቤቱ በስሟ የተሰየመ ልጃቸው፤ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ።

«ፖሊስስ ቢሆን? ፖሊስ ይማር!»

ግድግዳው ላይ ያገለገሉ ከረጢቶች ደርቀው በሚስማር ተሰቅለዋል። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። እያንዳንዱ ላይ በገመድ የታሰረ ወረቀት አለ፦ ቀን፣ የቀለሙ ዓይነት፣ ያቀለመው ሠራተኛ ስም። የመጨረሻው ከረጢት ቀይ ነበር።

«የትናንት ነው?»

«የትናንት» አሉ። «የባንድ ኮት ነው ያቀለምነው። ቀይ። አዎ፣ ቀይ። ምን ላድርግ፣ ከጨዋታው በፊት የተፈለገው ቀይ ነው።»

ሐምራዊት እጇን አጣጥፋ ቆመች። «ቀለሙ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ቴስት ኢት። የገባውንና የቀረውን ጽፌዋለሁ።»

በዚህ መሃል የማንያህልሻል ስልክ ጮኸ። ከቢሮ የተላከ ጽሑፍ ነው። ወንዙ ቀይ ሆኖ ከታየ ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት ስሟን ሳትናገር በከተማው የጥቆማ ስልክ ላይ በአማርኛ መልእክት ትታ ነበር። አስተርጓሚው ቃሉን በአማርኛ ገልብጦ ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ ልኮታል፦ «ወንዙ ቀልቷል። ቀዩን ነው የደፋው። አይቻለሁ።»

የውሃ ቢሮው ሰውም ይኸው ጽሑፍ ደርሶታል። እንግሊዝኛውን ጮክ ብሎ አነበበው። «ቀዩን ነው የደፋው። ትናንት ቀይ ያቀለመው ማን ነው?» አለና አንድ ወረቀት ለጋሼ ጀማነህ ሰጣቸው። ፈቃዳቸው ታግዷል። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቢሮ ይቀርባሉ፤ የሚያስተባብል ነገር ካልተገኘ ይሰረዛል።

ጋሼ ጀማነህ ወረቀቱን አንብበው በአራት አጠፉት።

«ልጄ» አሉ ወደ ማንያህልሻል ዞረው፣ «ቤቱ ቢዘጋ ሰው ሥራ ያጣል፤ ሥራ ይገኛል። ግን ይህን ወንዝ ጀማነህ አበላሸው ከተባለ፣ ይህችን ልጅ በቀለም ስም የጠራሁበት አፌ ምን ይሁን?»

*

ማንያህልሻል መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ የድምፁን ቅጂ ከፈተች። ጽሑፍ ከድምፅ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ እሷ ደግሞ መጀመሪያ የመጣውን ትወዳለች። አሥራ አንድ ጊዜ ሰማችው።

ሴትዮዋ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ከበስተጀርባ ሞተር ይሰማል። አንድ የሴት የተቀረጸ ድምፅ የፌርማታ ስም ይጠራል፤ ስሙ ግን አይለይም። ቃሉ ይህ ነው፦ «ወንዙ ቀልቷል። ቀዩ ነው የደፋው። አይቻለሁ።»

ቀዩ። ቀዩን አይደለም።

በስድስተኛው ላይ ተጠራጠረች፤ በአሥራ አንደኛው እርግጠኛ ሆነች። «ን» የለችም። «ቀዩን ነው የደፋው» ማለት ቀዩን ቀለም ደፋ ማለት ነው። «ቀዩ ነው የደፋው» ማለት ግን የደፋው ራሱ ቀይ ነው ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ ቀይ ቀለም ብቻ አይደለም፤ ሰውም ቀይ ነው። ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር።

በስድስት ዓመቷ ነው አሜሪካ የመጣችው። አማርኛዋን ያልጣለችው በእልህ ነው፤ በዚህም ትኮራለች። አንዲት ፊደል ያዳመጠው ጆሮዋ በዚያ ቀን ደስ አላት።

*

አስተርጓሚውን ፍቅሬን ያገኘችው ኢስት ሜይን መንገድ ላይ ባለች ሻይ ቤት ነው። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ፈተና ያለፈና ለስምንት ዓመት ከእሷ ጋር የሠራ ሰው። የደረት ኪሱ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ ይይዛል።

«ማንያዬ! ተቀመጪ። ኮል አድርገሽ ባትነግሪኝ ኖሮ ወጥቼ ነበር።»

«እጅጌዎ ላይ ወጥ አለ፣ ጋሽ ፍቅሬ።»

የነጭ ሸሚዙን እጅጌ አየና ሳቀ። «የምስር ወጥ ነው። ሚስቴ በርበሬ ስታበዛ ሸሚዜም ይበላል።» ሻዩ መጣ። ስኳሩን ገፋ አደረገና ግማሽ ሎሚ ጨመቀበት፤ ውሃው በጣቶቹ መሃል ወደ ክንዱ ወረደ።

«ቅጂውን ሰማሁት» አለች። «‹ን› የለችም።»

«ምን?»

«ቀዩን ሳይሆን ቀዩ ነው የምትለው።»

ፍቅሬ ሻዩን አማሰለ። «አውቶብስ እኮ አለ ከኋላ። የአውቶብሱ ድምፅ ‹ን›ዋን ውጧት ይሆናል ብዬ ሞላኋት። ወንዙ ቀይ፣ ቀለሙ ቀይ፤ ሌላ ምን ትላለች?»

«ሰው ቀይ ቢሆንስ?»

ማማሰሉን አቆመ። በዝግታ ራሱን ነቀነቀ። «አየሽ፣ ለዚህ ነው አንቺን የሾሙሽ። ቀዩ... ሩፋኤል የሚባለውን ልጅ አታውቂውም? ከጀማነህ ጋ ሾፌር የነበረ። ሁሉም ‹ቀዩ› ነው የሚለው። ባለፈው ወር ተጣልተው ወጥቷል።»

«ተጣልተው?»

«እኔ የሰማሁትን ነው። ስም ማጥፋት አይሁንብኝ።»

ከሻይ ቤቱ እንደወጣች እንደ ልማዷ መኪናዋ ላይ ተደግፋ ያየችውን ሁሉ ጻፈች፤ የሚጠቅመውንም የማይጠቅመውንም። «ስገባ፦ እጅጌ ላይ ወጥ። ሁለት እስክሪብቶ። ሎሚ፣ ስኳር የለም። ስወጣ፦ እጅጌ ላይ ሰማያዊ ነጥብ፣ እስክሪብቶ ይሆናል። ሩፋኤል፣ ቀዩ።» የመጨረሻዋን ቃል ሁለት ጊዜ አሰመረችባት።

*

ሩፋኤል ከከተማው ደቡብ ባለ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። አርብ ረፋድ ላይ ሱፐርቫይዘሩ ጠርቶ አመጣው። በእርግጥም ቀይ ነው፤ ጆሮው ሳይቀር ቀይ።

«ሐሙስ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚህ። ሺፍቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው።»

ሱፐርቫይዘሩ ኮምፒውተሩን ከፈተላት። የሩፋኤል ባጅ በሩን የከፈተው ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ እኩለ ቀን በእጁ ያለው ስካነር በየደቂቃው ቢያንስ አንድ ካርቶን አንብቧል። ማንያህልሻል ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። ካርቶን እያነበበ አሥራ አምስት ማይል ርቆ ቀለም የሚደፋ ሰው የለም።

«ለምንድነው የተጠየቅሁት?» አለ ሩፋኤል። ከበስተኋላው ሠራተኞች ቆመው ያያሉ።

«አንድ ሰው ‹ቀዩ ነው የደፋው› ብሏል።»

«እና ቀይ ስለሆንኩ ነው? እማማ በፀሐይ አትውጣ ስትለኝ መስማት አልነበረብኝም!» ቀልዱ ግን ፊቱ ላይ አልደረሰም። «መርማሪዬ፣ እዚህ ፖሊስ ሲጠራኝ አለቃዬ አየኝ።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ። ከጋሼ ጀማነህ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«አንድ ከረጢት ላይ ቀን ሳልጽፍ ሰቀልኩ። ሰው ሁሉ ፊት ጮኹብኝ። ‹ቀን የሌለው ቀለም አባት የሌለው ልጅ ነው› አሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ።» ማስታወሻዋን እያመለከተ ጨመረ፦ «ግን አንድ ነገር ጻፊ። እሳቸው ቀለም የነካው ውሃ መንገድ ላይ ከሚደፉ ራሳቸውን ይደፋሉ። ይህን የምልሽ ተጣልቼ የወጣሁት ሰው ነኝ።»

ጻፈችው። ወደ መኪናዋ ስትመለስ ጆሮዎቿ እንደ እሱ ጆሮ ቀልተው ነበር። አንዲት ፊደል በትክክል ሰምታ የቀረውን ከኪሷ ሞልታለች። ፍቅሬ ሞላሁ ካለው በምን ተለየ?

*

ላቦራቶሪው ውጤቱ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አላት። ለሰኞ ግን ሦስት ቀን ነው የቀረው። አርብ ከሰዓት ከአራቱ ጠርሙሶች የአንዱን ግማሽ በሕጉ መሠረት ፈርማ ወሰደችና ወደ ሐምራዊት ማቅለሚያ ሄደች።

«እርስዎ አይነኩትም፣ ጋሼ» አለች። «ይንገሩኝ፤ የምነካው እኔ ነኝ። የደረቴ ካሜራ ይቀርጻል።»

«ተገቢ ነው» አሉ፤ ደስም አላቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወደ ጠርሙሱ ጎንበስ አሉ። ብዙ አዩት። «የእኔ ቀይ ውሃ ውስጥ ሲሳሳ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ይሄ ወደ ጡብ ይሄዳል። ሐምራዊት፣ ሎሚ አለ?»

«ሎሚ? ለምን?»

«አምጪ ብያለሁ።»

ሐምራዊት ከሠራተኞቹ ማዕድ ቤት ሎሚ አመጣች። ማንያህልሻል በሁለት ብርጭቆ ቀዳች፤ በአንዱ የጋሼ ጀማነህን ቀይ፣ በሌላው የወንዙን። በመጀመሪያው ሎሚ ጠብ አደረገች። ቀይ እንደሆነ ቀረ። በሁለተኛው ጠብ አደረገች።

የወንዙ ውሃ ሰማያዊ ሆነ።

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ሐምራዊት።

«ኮንጎ ቀይ» አሉ ጋሼ ጀማነህ። «ጎረምሳ ሆኜ ነው መጨረሻ ያየሁት። ርካሽ ነው፣ መርዝ ነው፣ ለልብስ ከቀረ ቆይቷል። ሎሚ ያስደነግጠዋል። እኛ ቤት ይህ ቀለም አይገባም፤ የዕቃ ግዢ ደረሰኞቼን ሁሉ እይ።»

ማንያህልሻል ማስታወሻዋን አውጥታ የሐሙስን ገጽ ፈለገች። ስገባ፦ እጅጌ ላይ ወጥ። ስወጣ፦ እጅጌ ላይ ሰማያዊ ነጥብ። መሃል ላይ፦ ሎሚ።

ሁለት ነገር ብላ የጻፈችው አንድ ነጥብ ነው። የምስር ወጥ በሎሚ ሰማያዊ አይሆንም።

«ምነው ልጄ? ክፉ ነገር አየሽ?»

«የማውቀውን ሰው አየሁ» አለች።

ግን እጅጌ ታጥቦ ይሆናል፤ ጥርጣሬ ደግሞ ማስረጃ አይደለም። አሁን የሚያስፈልጋት «ቀዩ» ምን እንደሆነ መልእክቱን የተዉት ሴት ራሳቸው እንዲነግሯት ነው።

*

የተቀረጸው ድምፅ የፌርማታ ስም ይጠራል፤ ስለዚህ ሴትዮዋ ከአውቶብስ አጠገብ ነበሩ። መልእክቱ የገባው አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አምስት ላይ ነው። ፍርግርጉ ከሚታይበት ፌርማታ በዚያ ሰዓት የሚያልፈው አውቶብስ አንድ ብቻ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ማንያህልሻል እዚያ ቆመች። ሦስት ቀይ ማልያ የለበሱ ደጋፊዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ራቅ ብለው አንዲት ሻሽ ያሰሩ እናት የሆቴል ዩኒፎርም ለብሰው ተቀምጠዋል።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደግሞ አንቺ የማን ነሽ?»

ባጇን አሳየቻቸው። እትዬ ላቀች ይባላሉ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። «እኔ ምንም አላየሁም።»

«ድምፅዎን አሥራ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ እትዬ ላቀች። ቀዩ ማን ነው?»

«ማን?» ሴትዮዋ ዞር ብለው በቁጣ አዩዋት። «ምን በይ እንጂ ማን! መኪናው ነዋ! ቀዩ ቦቴ! እዚያ ጥግ ቆሞ ቱቦውን ፍርግርጉ ውስጥ ከቶ ገለበጠው። ቀዩ ነው የደፋው አልኩ፤ ከዚህ በላይ በምን አማርኛ ልናገር?»

ማንያህልሻል ዓይኗን ጨፈነች። መኪና። ቀለሙም አይደለም፣ ሰውም አይደለም። «ሾፌሩንስ አዩት?»

እትዬ ላቀች ቦርሳቸውን አነሱ። አውቶብሱ ከሩቅ መጣ።

«እትዬ፣ አንድ ሽማግሌ ሰኞ ስማቸውን ሊነጠቁ ነው። ያችን ማቅለሚያ ያውቋታል?»

«የጀማነህን? የመዘምራኑን ልብስ ያቀለመው እሱ አይደል?» ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ሾፌሩ ሐበሻ ነው። ቱቦውን ይዞ አየኝና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ‹እንደምን አደሩ፣ እትዬ› አለኝ።»

«እየደፋ ሰላም አለዎት?»

«ምን ያድርግ፣ ጨዋ ያሳደገው ነው! ትልቅ ሰው አይቶ ዝም ይበል? እኔም ‹እግዚአብሔር ይመስገን› አልኩት። ከዚያ ሐበሻ ልጅ ለፖሊስ አሳልፌ ልስጥ ብዬ ሆዴ እንቢ አለ። ወንዙንም ዝም ልል አልቻልኩም። መኪናውን ተናገርኩ፣ ሰውየውን ተውኩት። ማን አውቆ ጀማነህ ላይ ይመጣል ብዬ!»

አውቶብሱ ቆሞ በሩን ከፈተ። እትዬ ላቀች ግን አልተነሱም።

«ለሆቴሉ ኮል አድርጊልኝ» አሉ። «ዛሬ እዘገያለሁ በይልኝ።»

*

የቀረው የወረቀት ሥራ ነበር። በአካባቢው የተመዘገቡ ቀይ ባለ ጥንድ ጎማ ቦቴዎች ሰባት ናቸው። አንደኛው የአንዲት ትንሽ የፍሳሽ ማጓጓዣ ድርጅት ነው፤ ድርጅቷን በባለቤትነት ያስመዘገበው ፍቅሬ ነው። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቦቴውን አዩት። የላቦራቶሪው ሰው ከቱቦው አፍ ላይ በጥጥ ጠርጎ ሎሚ ጠብ አደረገበት። ጥጡ ሰማያዊ ሆነ። የጎማው ጥርስም ከጭቃው ፎቶ ጋር ገጠመ። ተጠርጣሪው ማን እንደሆነ የማያውቅ አንድ ሌላ መርማሪ ደግሞ ለእትዬ ላቀች ስድስት ፎቶ አሳያቸው። አራተኛው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

ከሰዓት በኋላ ማንያህልሻል ለፍቅሬ ደወለች። የሚተረጎም ምስክር አለ አለችው። ከተማው ሁሉ ጨዋታ ላይ ስለነበር ቢሮው ጭር ብሏል። ፍቅሬ ሁለት እስክሪብቶውን ይዞ መጣ፤ በሩን ከፍቶ ገባ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ሴት አየ።

«እንደምን ዋልህ፣ ልጄ» አሉት እትዬ ላቀች።

ፍቅሬ ወደ በሩ አንድ እርምጃ አፈገፈገ።

«ይህን ማስረጃ ብዬ አላቀርበውም» አለች ማንያህልሻል። «ማስረጃው ሌላ ቦታ ሞልቷል። ጠበቃ የመጥራት መብት አለዎት፣ ዝም የማለትም መብት አለዎት። ግን ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል። እትዬ የሚሉትን ለአለቃዬ በእንግሊዝኛ ይንገሩልኝ። ወይም ይተዉት።»

አለቃዋ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር።

እትዬ ላቀች ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «ቀዩ ቦቴ ነው የደፋው» አሉ። «ሾፌሩም ይህ ሰው ነው። ሰላም ብሎኛል፤ እኔም ሰላም ብዬዋለሁ።»

ከዚያ ፍቅሬ ወደ አለቃው ዞሮ ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ ተናገራቸው። ምንም አልጨመረም። ምንም አልቀነሰም። ሰላምታውን እንኳ አልዘለለም። ማንያህልሻል በሕይወቷ ከሰማችው ሁሉ የጠራው ትርጉም ነበር።

ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ከከተማ ውጭ ያለ የቲሸርት ቤት ነው» አለ በአማርኛ። «ለጨዋታው ቀይ አቅልመው ቀለሙ አልያዝ ብሏቸው፣ ውሃውን ማጣሪያ ጣቢያ ውሰድልን አሉኝ። ሄድኩ፤ ሰልፉ ረዘመ። የቀለም ቤት ደጅ ላይ ቀለም ቢገኝ ማን ይገረማል አልኩ።»

«‹ን›ዋስ?»

«ቅጂው ሲመጣልኝ ማመን አቃተኝ። ‹ቀዩ› ስትል መኪናዬን እንደሆነ ገባኝ። አንዲት ፊደል ናት። አንዲት ፊደል ማን ያያል ብዬ...»

«ለዚያች ፊደል እኔም ዕዳ አለብኝ» አለች። «ሩፋኤል ዘንድ የሄድኩት በራሴ እግር ነው።»

*

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ውስጥ የተባለው አጭር ነው፤ የጋሼ ጀማነህ ፈቃድ ተመለሰ። ጠቃሚው ነገር የሆነው ከሰዓት በኋላ ነው። ቱቦው ከተደፈነ ጀምሮ ቀዩ ውሃ በጉድጓዱ ውስጥ እንደቆመ ነበር። የውሃ ቢሮው ሰው ራሱ መጣ፤ ኮፍያውን አውልቆ ውሃውን በቆረቆንዳው ለማጣራት ይችሉ እንደሆነ ጠየቀ።

«ጥሬ ቆረቆንዳ ይህን ቀለም አይወደውም» አሉ ጋሼ ጀማነህ። «ስለዚህ ልጄ ከአርብ ጀምራ በኮምጣጤ ዘፍዝፋዋለች። ሳትጠየቁ።»

«ዳድ፣ ሳትጠየቁ ሳይሆን ሳንጠየቅ» አለች ሐምራዊት።

«አማርኛ ታርመኛለች! መርማሪዋ ናት ያበላሸቻት።»

ሩፋኤል ከሺፍቱ በቀጥታ መጥቶ ነበር። ማንም አልጠራውም። ከረጢቶቹን ተሸክሞ በርሜሎቹ ውስጥ አስገባ፤ ፓምፑን አስነሳ። ቀዩ ውሃ ከላይ ገባ። ስምንቱ ሠራተኞች፣ የውሃ ቢሮው ሰውና ከሥራ ፈቃድ የወሰዱት እትዬ ላቀች የመጨረሻውን በርሜል ቧንቧ ከበው ቆሙ። መጀመሪያ የወጣው ሮዝ ነበር። ሐምራዊት መለሰችው። ሁለተኛው ደብዘዝ አለ። መለሰችው። በሦስተኛው ላይ ማንያህልሻል ብርጭቆ ያዘችና ከጀርባው ማስታወሻዋን ዘርግታ አየች። በውሃው ውስጥ የራሷን ጽሕፈት አንዲት ፊደል ሳትጎድል አነበበች።

ማንም አላጨበጨበም። ጋሼ ጀማነህ የነጭ ጋዋናቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ።

ከረጢቱ ሲወጣ ቀይ አልነበረም። ኮምጣጤው የነካው ቀለም ቆረቆንዳው ላይ ሲያርፍ ሌላ ሆኗል፤ ደማቅ ሐምራዊ። አባት ከረጢቱን አዩ፤ ልጃቸውንም አዩ።

«ቀኑን ጽፌያለሁ፣ ጋሼ» አለ ሩፋኤል፣ ወረቀቱን በገመድ እያሰረ።

«የቀለሙንስ ዓይነት?»

ሩፋኤል እስክሪብቶውን ለማንያህልሻል ሰጣት። አሰበች፤ ከዚያም በጥንቃቄ ጻፈች፦ «ቀይ። የእኛ ያልሆነ።»

ጋሼ ጀማነህ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከረጢቱን ወስደው ከሌሎቹ መጨረሻ፣ በራሳቸው እጅ፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት።

«ብዬሽ ነበር» አሏት። «ከዚህ ቤት ቀለም አልወጣም። ዛሬም ገባ እንጂ አልወጣም።»